የኤሌክትሪክ ትራክተር ልጓም

የጓሮ ትራክተር ሣር ለማጨድ፣ ተጎታች ለመሳብና ትንሽ መሬት ለማለስለስ የሚያገለግል አነስተኛ ተሽከርካሪ ነው። በባትሪ ከሚሠሩት መካከል በይበልጥ የሚታወቀው ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለገበያ ያቀረበው ኤሌክ-ትራክ ሲሆን፣ ኃይሉን የሚያገኘው በተከታታይ ተያይዘው 36 ቮልት ከሚሰጡ ስድስት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ነው። ሞተሩና የብረት አካሉ ለረጅም ዘመን የሚበረክቱ በመሆናቸው፣ ዛሬም በእጃቸው ያለ ባለቤቶች የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ብቻ በኤሌክትሮኒክ ኮንትሮለር እየተኩ ያድሱታል።

በቀድሞው አሠራር ፍጥነትን የሚወስኑት ኮንታክተሮች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሳቡ ጠንካራ ማብሪያና ማጥፊያዎች፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገቱ ሬዚስተሮች ናቸው። ሞተሩ ቀስ ብሎ እንዲዞር ሲፈለግ የቮልቱ ከፊል በሬዚስተሩ ላይ እንዲቀር ይደረጋል። ለምሳሌ ሞተሩ በ18 ቮልት 100 አምፔር ቢስብ ቀሪው 18 ቮልት በሬዚስተሩ ላይ ስለሚወድቅ፣ ባትሪው ከሚያወጣው 3,600 ዋት ግማሹ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ፍጥነቱም ከደረጃ ወደ ደረጃ ስለሚዘል ትራክተሩ ይነቀነቃል። ይህ ጉድለት ጎልቶ የሚታየው ዝግታና ጉልበት በአንድነት በሚፈለጉበት ሥራ ላይ ነው፤ በምዕራብ ሸዋ በጊንጪ አካባቢ እንዳለው ዓይነት፣ ክረምት ሲገባ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር ከተሽከርካሪ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።

ኤሌክትሮኒክ ኮንትሮለር ኃይልን አይገታም፤ ይከፋፍላል። በውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ኤሌክትሪኩን እያሳለፉና እያቋረጡ፣ የማሳለፊያውን ጊዜ ከማቋረጫው ጊዜ ጋር በማመጣጠን ሞተሩ የሚደርሰውን አማካይ ቮልት ይወስናሉ። ከጊዜው ግማሹን ቢያሳልፉ 36ቱ ቮልት ለሞተሩ እንደ 18 ይሆንለታል። በማቋረጫዋ ቅጽበት የሞተሩ ጥቅል የያዘው ፍሰት በድንገት ስለማይቆም፣ ዳዮድ በተባለው አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ በኩል ተመልሶ በሞተሩ ውስጥ ይዞራል። በዚህም ምክንያት ሞተሩ 100 አምፔር እየሳበ ሳለ ከባትሪው በአማካይ የሚወጣው ወደ 50 አምፔር ብቻ ይሆናል። ነጂው ፔዳሉን በረገጠው ልክ ፍጥነቱ ያለ መዝለል ይጨምራል።

ይሁንና ለውጡ ጥንቃቄን ይጠይቃል። የዚህ ዓይነት ትራክተር ሞተር የሚሽከረከረው ክፍል፣ አርማቸር የሚባለው፣ እና ማግኔታዊ መስክ የሚፈጥረው የቆመ ጥቅል ለየብቻ ኃይል ስለሚያገኙ፣ የመስኩ ጥቅል በድንገት ኃይል ቢያጣ ጭነት የሌለበት ሞተር ከልክ በላይ ሊፈጥን ይችላል። ከዚህም በላይ ትራንዚስተር ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ሳያቋርጥ እንዳሳለፈ ስለሚቀር፣ ነጂው እግሩን ከፔዳሉ ቢያነሣም ትራክተሩ በሙሉ ኃይል ሊሮጥ ይችላል። ስለሆነም አንድ የቀድሞ ኮንታክተር ለዋና ማቋረጫነት ከፊውዝና ከአደጋ ጊዜ ማጥፊያ ጋር መቀመጥ አለበት።

ይህ ዕውቀት በምዕራብ ሸዋም ስፍራ አለው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በዚህ አየር ተራ የነዳጅ ሞተር ጉልበቱ ሲቀንስ የኤሌክትሪክ ሞተር አይቀንስም፤ ነገር ግን ሳስ ያለ አየር ሙቀትን በሚገባ ስለማይወስድ የኮንትሮለሩ አሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ሰፋ ማለት ይኖርበታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በአገሪቱ እየተበራከተ ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ ባጃጅ ውስጥ ያለው ኮንትሮለርም የሞተሩ ዓይነት ቢለይም የሚሠራው በዚሁ የማሳለፍና የማቋረጥ መርሕ ነው። በእርሻ ትምህርት ቤትነት የጀመረውና ዛሬ ምሕንድስናም የሚያስተምረው አምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም በባኮ የሚገኘው የግብርና ምሕንድስና ምርምር ማዕከል በአካባቢው መኖራቸው መልካም ዕድል ነው። ደህና ሞተር በመቆጣጠሪያው ብልሽት ብቻ መጣል የለበትም፤ የጋራዥ ባለሙያዎች ኮንትሮለርን መርምረው መጠገንና መተካት ከቻሉ፣ ገበሬውም ሆነ ባለባጃጁ አዲስ ተሽከርካሪ ለመግዛት ከሚያወጣው ወጪ ይድናል።