የአብራሪው ወንበር ድንገት ቢንሸራተትስ?

መኪና እየነዳችሁ ወንበራችሁ ወደ ኋላ ቢንሸራተት ትደነግጣላችሁ፣ ግን እንደምንም ዳር ይዛችሁ ትቆማላችሁ። መሬት እየለቀቀ ባለ አውሮፕላን ውስጥ ግን ዳር የሚባል ነገር የለም። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ሴስና 172ን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እስካሁን ከ44 ሺህ በላይ ተመርቷል፤ እኛም አገር አብራሪዎች ይሠለጥኑበታል። የፊት ወንበሮቹ የሚንቀሳቀሱት ወለሉ ላይ በተገጠመ የአልሙኒየም ሐዲድ ላይ ነው። ሐዲዱ ላይ በተርታ ቀዳዳዎች አሉ። አብራሪው ወንበሩን ለቁመቱ ሲያስተካክል የብረት ፒን ከቀዳዳዎቹ አንዱ ውስጥ ገብቶ ይቆልፈዋል።

ችግሩ ብረት ከአልሙኒየም ይጠነክራል። ሰው በተቀመጠና በተነሳ ቁጥር ፒኑ ቀዳዳውን ይበላዋል፤ ክብ የነበረው እንቁላል መምሰል ይጀምራል። ቆሻሻ ከተጠራቀመ ደግሞ ፒኑ በደንብ አይገባም። ላይ ላዩን ሲታይ ተቆልፏል፣ ግን አልተቆለፈም።

አውሮፕላኑ ሲነሳ አፍንጫው ቀና ይላል፣ የአብራሪው ክብደት ወደ ኋላ ይገፋል። ያኔ ፒኑ ካመለጠ ወንበሩ ይሄዳል። እግሩ ከፔዳሉ ይርቃል። የባሰው ግን እጁ ነው። የሚወድቅ ሰው ያገኘውን ነው የሚይዘው፤ እሱም መሪውን እንደጨበጠ ወደ ኋላ ይስበዋል። አፍንጫው ይበልጥ ሽቅብ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል። መሬቱ ቅርብ ስለሆነ ለማስተካከል ጊዜ የለም።

ይሄ እንዲያው ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ፍሎሪዳ ውስጥ በደረሰ የሴስና 185 አደጋ የተነሳው ክርክር የወንበሩ መንሸራተት ነበር፤ በ2001 ጁሪው 480 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈርዷል።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ1987 ያወጣውን የሐዲድ ፍተሻ መመሪያ በ2011 በአዲስ ተክቶታል። ፍተሻው በየ100 የበረራ ሰዓቱ ወይም በየ12 ወሩ ነው፣ የቀደመው ይቀድማል። ሐዲዱ ከተፈቀደው ገደብ በላይ ከተሰነጠቀ ወይም የቀዳዳው ስፋት ከ0.42 ኢንች (ወደ 10.7 ሚሊሜትር) ካለፈ ይቀየራል። ሞልቶ፣ አሽቶ ማለፍ የለም።

መቀየሩ የባለሙያ ሥራ ነው። የድሮው ሐዲድ የተያዘባቸው ሪቬቶች ተበስተው ይወጣሉ፣ አዲሱ በልኩ ይገጠማል። ሐዲዱን ቀይሮ ያረጀ ፒን መተው ግን ግማሽ ሥራ ነው፤ ፒኑም፣ የወንበሩ ጎማዎችም አብረው ይታያሉ። ሴስናም ወንበሩ ካመለጠ እንደ መኪና ቀበቶ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ተጨማሪ መሣሪያ አዘጋጅቷል።

አብራሪነት የምታስቡ ካላችሁ አንድ ልማድ ከአሁኑ ያዙ፦ ወንበሩን ካስተካከላችሁ በኋላ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ በሰውነታችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝወዝ አድርጉት። ቅንጣት ከተንቀሳቀሰ አትነሱ፣ ቴክኒሻን ጥሩ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።