ቡታን ልዩ መልኳን ለአገር ጐብኚዎች ያቀረበችበት ዘዴ

በሂማልያ ተራሮች ውስጥ፥ በሕንድና በቻይና መካከል የምትገኘው የቡታን መንግሥት የሕዝቧ ቍጥር 800,000 አይሞላም። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የመኪና መንገድ እንኳ አልነበራትም (ዓመታቱን ሁሉ የምንሰጠው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። እንዲህ ያለች ትንሽ አገር ከታላላቅ ጎረቤቶቿ ተለይታ እንድትታወቅ ምን አደረገች? ብዙ አገሮች የሚጀምሩት በማስታወቂያ ነው፤ በእኛም አገር «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው መፈክር በዚያው ዘመን ወጥቶ ብዙ አገልግሏል። ቡታን ግን ከመፈክር ይልቅ በዋጋና በሕግ ተጠቀመች።

በሯን ለጐብኚዎች የከፈተችው አራተኛው ንጉሥ ጂግሜ ሲንግዬ ዋንግቹክ ዘውድ በጫኑበት በ1974 ነው። የመንግሥቱም መመሪያ የጐብኚው ቍጥር አነስ፥ የሚገኘው ጥቅም ከፍ ይበል የሚል ሆነ። ከወረርሽኙ በፊት ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው ብዙ ጐብኚ በሚገባባቸው ወራት በቀን ቢያንስ 250 ዶላር ይከፍል ነበር፤ መኝታው፥ ምግቡ፥ መሪውና መኪናው በዚሁ ውስጥ ይታሰባሉ፤ 65 ዶላሩ ለመንግሥት ይገባል። በመስከረም 2022 የመንግሥቱ ድርሻ ብቻ 200 ዶላር ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ወደ 100 ዝቅ አለ። እንደ እኛ አስተያየት ይህ ቀረጥ ራሱ ከማናቸውም ማስታወቂያ ይበልጣል፤ ሰው በውድ የገዛውን ነገር ብርቅ ነው ብሎ ያወራልና። ሆኖም «ጥቂት ጐብኚ» የሚለው ቃል በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። በ2019 ከ300,000 በላይ ሰዎች ሲገቡ፥ የሚበዙት የቀን ቀረጥ የማይጠየቁ የሕንድ ሰዎች ነበሩ።

የከፈለውስ ምን ያያል? ወንዱ «ጎ»፥ ሴቷ «ኪራ» የተባለውን ልብስ ለብሰው በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ያያቸዋል። አዲስ የሚሠራ ቤት ሁሉ ባንክም ቢሆን በጥንቱ ሥርዓት የተቀረጸና ቀለም የተቀባ የእንጨት መስኮት አለው። በዋና ከተማው በቲምፉ የትራፊክ መብራት አንድ ጊዜ ተተክሎ ሕዝቡ ስላልወደደው ተነሥቷል፤ ባጌጠች ትንሽ ዳስ ውስጥ የቆመ ፖሊስ በእጁ ምልክት መኪናውን ያሳልፋል። ከፍታው 7,570 ሜትር የሆነው የጋንግካር ፑንሱም ተራራ ጫፉ እስከ ዛሬ አልተረገጠም፤ ተራራ መውጣት በ2003 ፈጽሞ ተከልክሏልና። ሌላው አገር በዚህ ብዙ ገንዘብ ያገኝበት ነበር።

ነገር ግን ይህ የአንድነት መልክ የማን መልክ ነው? በ1989 የወጣው የንጉሥ ዐዋጅ የሰሜኑን ሕዝብ ልብስና ሥርዓት በመላው አገር አስገዳጅ አደረገ። በዚያው ዓመት የኔፓልኛ ቋንቋ ከትምህርት ቤት ወጣ። ቀደም ሲል በ1988 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፥ በደቡብ የሚኖሩት የኔፓል ዘሮች ዜግነታቸውን ለማስመስከር የ1958ን የግብር ደረሰኝ እንዲያሳዩ ተጠይቀው ነበር፤ የሠላሳ ዓመት ደረሰኝ የሚያስቀምጥ ገበሬ ምን ያህል እንደሆነ አንባቢ ይገምት። በ1990 ተቃውሞ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ከ100,000 የሚበልጡ ሰዎች በምሥራቅ ኔፓል በስደተኞች ሠፈር ውስጥ ገቡ። መንግሥቱ ከእነዚህ ብዙዎቹ በሕገ ወጥ መንገድ የገቡ ናቸው ብሎ ይከራከራል።

ዐዋጁ ለጐብኚ ተብሎ አልወጣም፤ ዓላማው ትንሽቱ አገር በጎረቤቶቿ እንዳትዋጥ ነበር። ሲኪም በ1975 ወደ ሕንድ መጠቃለሏን ያየ ሰው ይህን ፍርሃት ከንቱ ነው አይልም። ይሁን እንጂ ጐብኚው ከፍሎ የሚያየው ሥዕል የተስተካከለው በዚሁ ዐዋጅ ጭምር ስለሆነ፥ የቱሪስት ንግድን የሚያጠና ተማሪ ገቢውን ሲቈጥር ከሥዕሉ የወጡትንም መቍጠር ይኖርበታል እንላለን። ከእነርሱ አብዛኞቹ ከ2008 ጀምሮ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ሰፍረዋል፤ ጥቂት ሺዎች ግን ዛሬም በኔፓል ሠፈሮች ውስጥ ይኖራሉ።