ስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት

ከዋግ፣ ከሰቆጣም ሆነ ከደሃና፣ አዲስ አበባን ለማየት የሚመጣ ሰው ስድስት ኪሎ ሲደርስ አደባባዩ መካከል ረጅም የድንጋይ ዓምድ ያገኛል፤ ይህም የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ሲሆን፣ «ሰማዕታት» የሚለው ቃል ከግእዙ መሠረቱ ምስክርነትን የሚያመለክት፣ ኋላም ስለ እምነት ወይም ስለ አገር የሞቱትን ለመጥራት የዋለ ነው።

ቀኑ የሚዘከረው በ1929 ዓ.ም. ስለሆነው ነገር ነው። የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ልጅ መውለዱን ምክንያት በማድረግ የፋሺስቱ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ግቢ ለድሆች ምጽዋት ሲያሳድል፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወርውረው አቆሰሉት፤ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የፋሺስት ታጣቂዎችም በበቀል ለሦስት ቀን ያህል ሕዝቡን ሲፈጁና ቤቱን በላዩ ሲያቃጥሉ ሰነበቱ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ሲያደርሰው፣ ጉዳዩን በሰፊው ያጠናው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ይገምተዋል።

ሐውልቱን የሠሩት ዩጎዝላቪያውያኑ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ሲሆኑ፣ ሥራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ በኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ያለው ባለፈረሷ የሰላም ሐውልትም የአውጉስቲንቺች እጅ ሥራ ነው። ብዙ ጎብኚ ዓምዱን ከሩቅ ፎቶ አንሥቶ ያልፋል፤ ታሪኩ የተጻፈው ግን ግርጌው ላይ፣ ከነሐስ ተሠርተው ከገጹ ወጣ ብለው በሚታዩት የግድያና የሐዘን ምስሎች ነውና ዙሪያውን በዝግታ መዞር ይሻላል።

ቦምቡ የተጣለበት ገነተ ልዑል ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። በዚያ ፋሺስቶች ለሥልጣን ዘመናቸው በየዓመቱ አንድ እርከን እየቆጠሩ ያቆሙት ወደየትም የማያደርስ የደረጃ ሐውልት አለ፤ ከነፃነት በኋላ ግን ማፍረሱ ቀርቶ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል፤ ይህም ከማፍረስ የበለጠ ብልሃት ሳይሆን አይቀርም።

ከዋግ ለመጣ ሰው የ1929 ሐዘን በዚህ አደባባይ አያበቃም፤ የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዚያው ዓመት ክረምት በዋግና ላስታ በወራሪው ላይ ተነሥተው ሲዋጉ ቆይተው፣ በ1930 መባቻ ተገድለው ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ እንዲታይ ተደርጓል።