በአንዳንድ ድረ ገጾች ላይ ብቻ የሚዘጋ ብራውዘር

ድረ ገጽ መክፈቻው ፕሮግራም፣ ማለትም ብራውዘር፣ ሌሎቹን ገጾች በደህና እየከፈተ በጥቂቶቹ ላይ ብቻ በድንገት የሚዘጋ ከሆነ፣ ጥፋቱን በኢንተርኔት መስመሩ ማሳበብ አያስኬድም፤ መስመር ሲቋረጥ ገጹ አይከፈትም እንጂ ፕሮግራሙ አይዘጋምና። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ክሮም ገጾችን ለየብቻ በሚሠሩ ሂደቶች ስለሚያስኬድ አንድ ገጽ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ያው ገጽ ብቻ ነው፤ መላው ብራውዘር ከነመስኮቶቹ ከጠፋ ግን ጥርጣሬው ወደ ብራውዘሩ ራሱ፣ በላዩ ወደ ተጫኑት ተጨማሪ ፕሮግራሞች ወይም የግራፊክስ ካርዱን ወደሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ማለትም ወደ ግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ያዘነብላል።

ተጨማሪዎቹን ለመፈተን ቀላሉ ዘዴ አስቸጋሪውን ገጽ በግል መስኮት መክፈት ነው፤ በዚያ አብዛኞቹ ተጨማሪዎች ካልተፈቀደላቸው በቀር አይሠሩም። ገጹ በደህና ከተከፈተ፣ እንደ ማስታወቂያ ማገጃ ያሉትን አንድ በአንድ እያጠፉ ጥፋተኛውን መለየት ይቻላል።

ችግሩ ቪዲዮ፣ ካርታ ወይም ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ባለባቸው ገጾች ላይ ከበረታ፣ የሃርድዌር ማፋጠኛው፣ ማለትም የምስሉን ሥራ ከዋናው ፕሮሰሰር ወደ ግራፊክስ ካርዱ የሚያሸጋግረው አሠራር፣ መጠርጠር አለበት። ይህን ከማስተካከያው አጥፍቶ ብራውዘሩን እንደገና ማስነሳት ችግሩን ካስቀረው፣ ዘላቂው መፍትሔ ድራይቨሩን ማደስ ነው።

ብዙዎች የሚቸኩሉበት ብራውዘሩን አጥፍቶ እንደገና መጫን ግን፣ ማስተካከያዎቹንና ተጨማሪዎቹን የያዘው የተጠቃሚው ፕሮፋይል በኮምፒውተሩ ላይ ስለሚቀር፣ ብዙ ጊዜ የቀድሞውን ችግር መልሶ ያመጣል።