ጸረ ቫይረሱን ከማጥፋት የውኃ ምልክቱን መታገሥ

ሚዛን ወይም ቴፒ ላይ ኮምፒውተሩን ፎርማት ሊያስደርግ ጥገና ሱቅ የሚገባ ሰው የሚጠይቀው ዋጋውንና የሚደርስበትን ሰዓት ነው። ዊንዶውሱ ተገዝቶ ይሁን አይሁን አይነሳም። ባለሙያው ከፍላሹ ይጭናል፣ ጸረ ቫይረሱን ያጠፋል፣ አክቲቬተር የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ያስነሳል፤ አለቀ። የቡና አቅራቢው ሒሳብም፣ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍም የሚቀመጠው በዚሁ ማሽን ላይ ነው።

ድሮ አንድ የዊንዶውስ ሲዲ ሰፈሩን ሁሉ ያዳርስ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒን ሲያወጣ ባለ 25 ሆሄ ቁልፉን ከማሽኑ አካላት ጋር አቆራኝቶ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ማስመዝገብን ግዴታ አደረገ። ለትልልቅ ድርጅቶች የተዘጋጀ ቁልፍ ግን ኤክስፒ ገበያ ላይ ሳይውል አፈተለከ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 ደግሞ የኩባንያው ሰርቨር ተበላሽቶ ከፍለው የገዙ ብዙ ሰዎችን ሐሰተኛ ተጠቃሚ አደረጋቸው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር፣ የተገዛን ዕቃ ከሩቅ ማረጋገጫ ጋር ያሰረ አሠራር ሊያሳስበን ይገባል።

አክቲቬተሩ ምን ይሠራል? ድርጅቶች የራሳቸውን ፈቃድ ሰጪ ሰርቨር ያቆማሉ፤ የኮምፒውተሮቹም ፈቃድ በ180 ቀን ውስጥ መታደስ አለበት። ብዙዎቹ አክቲቬተሮች ያንን ሰርቨር መስለው ማሽኑን ያታልሉታል። ጸረ ቫይረሱ የሚጠፋው ይህን ማታለል እንዳያግድ ነው። በዚያች ቅጽበት የይለፍ ቃል ሌባ አብሮ ቢገባ ግን የሚያየው አይኖርም።

ሕጉ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ማንኛውም የፈጠራ ሥራ ይጠብቃል፤ ሲወጣም መብቱን ሆን ብሎ ለጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር። ይሁንና የዊንዶውስ 10 ሆም የአሜሪካ ዋጋ 139 ዶላር ነበር፤ ለጽሕፈት ቤት ባለቤት ዋጋውም ከባድ ነው፣ በዶላር መክፈያውም መንገድ ጠባብ ነው።

ያልተመዘገበ ዊንዶውስ 10 ስክሪኑ ጥግ ላይ የውኃ ምልክት የሚባለውን ማሳሰቢያ ይጽፋል፣ የግድግዳ ሥዕል መቀየርንም ከቅንብሮቹ ይከለክላል እንጂ ሥራ አይከለክልም። ይህም ፈቃድ አይደለም፤ ቢሆንም ጸረ ቫይረሱ በቦታው ይቆያል። ሕጋዊና ነጻ የሆነው መንገድ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የተባለው ስርዓተ ክወናና ሊብሬኦፊስ የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ነው፤ በአማርኛም ይጻፍባቸዋል። ለትምህርት ቤትና ለቀበሌ ጽሕፈት ሥራ ይበቃሉ። የጥገና ባለሙያዎች ይህንንም በፍላሻችሁ ያዙ፤ ደንበኞችም ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ሲባል እምቢ በሉ።