ኮምፒውተሩ የማይቆጥርበት ጠረጴዛ

136 ጠጠሮች በፊታቸው ተደፍተው ጠረጴዛው ላይ ይታሻሉ። ከዚያ አራቱ ተጫዋቾች በየፊታቸው 17 ጠጠር የሚረዝም፣ ሁለት ጠጠር የሚደራረብ ግንብ ይሠራሉ። ሪቺ የሚባለውን የጃፓን ማዥንግ ለዓመታት በስልኩ ብቻ ሲጫወት የኖረ ሰው፣ የመጀመሪያ ውድድሩ ላይ እጁ የሚተሳሰረው እዚህ ላይ ነው። ግንቡ ይናድበታል። ሦስቱ ዝም ብለው ይጠብቁታል፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቀውም።

ጨዋታው ራሱ ካርታ ለሚያውቅ ሰው ባዕድ አይደለም። ኮንከር የተጫወተ ቶሎ ይገባዋል፦ 13 ጠጠር ይያዛል፣ አንድ ይሳባል፣ አንድ ይጣላል፤ ሦስት ሦስት ጠጠር ያላቸው አራት ስብስቦችና አንድ ጥንድ ያሟላ ያሸንፋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከቻይና የገባውን ጨዋታ ጃፓኖች የራሳቸው ያደረጉት ለስሙ መነሻ በሆነው ደንብ ነው። ሌሎች የጣሉትን ሳያነሳ አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው ተጫዋች «ሪቺ!» ብሎ ያውጅና የ1,000 ነጥብ ዘንግ ያስይዛል፤ ከዚያ በኋላ እጁን መለወጥ አይችልም። ሦስቱ ደግሞ የሚጠብቃትን ጠጠር ላለመጣል መጨነቅ ይጀምራሉ።

አብዛኛው ሰው የሚለማመደው በኢንተርኔት ነው። ቴንሆና ማዥንግ ሶል በተባሉት የኢንተርኔት መጫወቻዎች ላይ ጠጠር ማሸትም ሆነ መደርደር የለም፤ በአንድ ምሽት ብዙ ጨዋታ ያልቃል። በ2019 የማይክሮሶፍቱ ሱፍክስ የተባለ ፕሮግራም ቴንሆ ላይ 10ኛ ዳን የተባለው ደረጃ ላይ መድረሱ ታውቋል፤ ዛሬ የተጣለችውን እያንዳንዷን ጠጠር የሚገመግሙ ፕሮግራሞች በማንም ተጫዋች እጅ ናቸው። ለስልት ይህን የመሰለ አስተማሪ የለም። ጣጣው ኮምፒውተሩ ከመጠን በላይ ደግ መሆኑ ነው።

ፉሪተን የሚባለውን ደንብ እንይ። ተጫዋቹ ከሚጠብቃቸው ጠጠሮች አንዷን ቀደም ሲል ራሱ ጥሎ ከሆነ፣ ሌላ ሰው በጣለው ጠጠር ማሸነፍ አይፈቀድለትም። ስልኩ ላይ እንዲህ ያለውን ድል የሚያውጀው «ሮን» የሚለው ቁልፍ ጭራሽ ብቅ አይልም። ጠረጴዛ ላይ ግን አፉን የሚይዝለት የለም። «ሮን!» ብሎ እጁን ከገለጠ ጥፋቱ ቾምቦ ይባላል፤ በአውሮፓ ማዥንግ ማኅበር ደንብ 20,000 ነጥብ ያስቀጣል። ጨዋታው የሚጀመረው በ30,000 ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሒሳቡ ነው። አሸናፊው ዋጋውን ራሱ ቆጥሮ በአፉ መናገር አለበት። ዋጋው ከሁለት ነገሮች ይወጣል፦ እጁ ካሟላው ቅርጽ የሚገኘው ሃንና ከስብስቦቹ ዓይነት የሚለቀመው ፉ። 30 ፉና 3 ሃን ያለው እጅ ስንት ነው? ለ3 ሃን 30ው ፉ በ32 ይባዛል፣ 960። ያ በአራት፣ 3,840። ወደ ላይ ወዳለው መቶ ሲጠጋጋ 3,900። ምሥራቅ የተባለው የዙሩ መሪ ሲያሸንፍ ደግሞ በስድስት ይባዛና 5,800 ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ ይህን ሁሉ የሚያባዛ ግን የለም። ተወዳዳሪዎች 1,000፣ 2,000፣ 3,900፤ ለመሪው 1,500፣ 2,900፣ 5,800 እያሉ፣ የቆሎ ተማሪ ዳዊት እንደሚደግም፣ በቃላቸው ይዘውት ይመጣሉ።

ይህ ሽምደዳ ከንቱ አይደለም። በመጨረሻው ዙር ከፊቱ ካለው ሰው በ3,500 ነጥብ ያነሰ ተጫዋች 2,000 የሚያወጣ እጅ ቢይዝ ይበቃዋል? ጠጠሯን የጣለው ያው ሰው ከሆነ አዎ፤ የአንዱ ሲጨምር የሌላው ስለሚቀንስ ልዩነቱ 4,000 ይቀየራል። ሌላ ሰው ከጣላት ግን ባለበት ይቀራል። በአውሮፓ ደንብ ለደረጃ የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው ነጥብ ለአንደኛ 15,000፣ ለሁለተኛ 5,000 ሲሆን፣ ሦስተኛው 5,000፣ አራተኛው 15,000 ያጣል። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ መውጣት ብቻውን 10,000 ነው።

ደንብን አስቀድሞ ማንበብም ግድ ነው። በኢንተርኔቱ ጨዋታ የተለመዱት ቀይ አምስቶች፣ ማለትም አምስት ቁጥር ያለባቸው ሦስት ቀይ ጠጠሮች፣ ለያዛቸው ተጨማሪ ሃን ይሰጣሉ። በ2014 ፓሪስ አጠገብ ፑቶ ላይ ተጀምሮ በላስ ቬጋስ፣ በቪየናና በ2025 በቶኪዮ የተካሄደው የዓለም ሪቺ ሻምፒዮና ግን ቀይ አምስት አያውቅም። ያለ እነሱ እጆች ይረክሳሉ፤ በስልክ የለመዱት «ይህ እጅ ያዋጣል» የሚል ግምት ያሳስታል።

ስለዚህ ውድድር ሲቃረብ ክበቦች ውስጥ ልምምዱ መልኩን ይቀይራል። አንዱ 14 ጠጠር ገልጦ «ስንት?» ይላል፤ ሌሎቹ ይሽቀዳደማሉ። የሚጣሉትን ጠጠሮች ስድስት ስድስት እያደረጉ በረድፍ ማስቀመጥ፣ ሪቺ የታወጀባትን በጎኗ ማጋደም፣ ሌላ የጣለውን ጠጠር ሲያነሱ «ፖን» ወይም «ቺ» ጮክ ብሎ ማለት ሁሉ ይደጋገማል። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ጀማሪ 17 ጠጠሮችን አንስቶ በሌሎቹ 17 ላይ ለመጫን ይታገላል። ዘዴው ሁለቱን ጫፎች በትንንሽ ጣቶች ወደ መሃል ጨምቆ ረድፉን በአንድ ትንፋሽ ማንሳት ነው። ይናድበታል፤ ይለቅምና እንደገና ይደረድራል።