የሥራ መዋቅር በጤናችን ላይ

«ኃላፊነቱ ከብዶት ነው ደም ግፊት የያዘው» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አብዛኛው ሰው የሥራ ጫናን የሚያያይዘው ከሹመት ጋር ነው። ሹመት ሸክም መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ጥናቶች የሚያሳዩት ሌላም ነገር አለ፤ በመሥሪያ ቤት መዋቅር ውስጥ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የልብ ሕመም ይበዛል።

ለዚህ በዋናነት የሚጠቀሰው በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተካሄደው «ዋይትሆል» የተሰኘ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ተጀምሮ 18 ሺህ ገደማ ወንድ ሠራተኞችን ተከታትሏል። ሁሉም ቋሚ ደመወዝና ነፃ የመንግሥት ሕክምና ያላቸው ነበሩ። ሆኖም በዝቅተኛው እርከን ላይ የነበሩት ተላላኪዎችና በር ጠባቂዎች በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከከፍተኛ ኃላፊዎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱ በላይኛውና በታችኛው ጫፍ ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ መካከለኛ ሠራተኞችም ከበላዮቻቸው ይበልጥ፣ ከበታቾቻቸው ያነሰ ይታመሙ ነበር። ሲጋራ፣ ደም ግፊትና የደም ቅባት ተደምረውም ልዩነቱን በከፊል ብቻ ነው ያስረዱት።

በፕሮፌሰር ማይክል ማርሞት መሪነት እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው ሁለተኛው ጥናት ሴቶችንም አካትቶ ከ10 ሺህ በላይ ሠራተኞችን ተከታተለ። ከምክንያቶቹ ጎልቶ የወጣው ሠራተኛው በራሱ ሥራ ላይ የመወሰን ዕድል ማጣቱ ነው። ምን፣ መቼና እንዴት እንደሚሠራ ሐሳቡን የማይጠየቅ ሠራተኛ ለልብ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል።

ይህ እንዴት ይሆናል? ስንጨነቅ ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ልብ ይፈጥናል፤ የደም ግፊትና የደም ስኳር ከፍ ይላል። ጭንቀቱ ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሥራው በተጣደፈበት፣ ሠራተኛው ግን ምንም መወሰን በማይችልበት ቦታ ጭንቀቱ ከቀን ወደ ቀን ይቀጥላል። ሰውነትም የማረፊያ ጊዜ ያጣል።

በእኛም መሥሪያ ቤቶች ይህን የሚያባብሱ አሠራሮችን ማስተዋል አይከብድም። አንደኛው የተንዛዛ የዕዝ ሰንሰለት ነው። ባለጉዳዩ መስኮት ላይ የሚቆጣው ጉዳዩን መወሰን በማይችለው ሠራተኛ ላይ ነው፤ ፊርማው ያለው ግን ሦስት ቢሮ አልፎ ነው። ሁለተኛው አንድን ሠራተኛ ለሁለት አለቆች ተጠሪ ማድረግ ነው። የአንዱን ትዕዛዝ ሲፈጽም ከሌላው ይጋጫል። ሦስተኛው ደግሞ የሥራ ድርሻ በግልጽ አለመለየቱ ነው። «እዚህ ሁላችንም እኩል ነን» የሚባልበት ቢሮ ደስ ቢልም፣ ማን ምን እንደሚሠራ ካልታወቀ ሸክሙ እምቢ ማለት በማይችለው ሰው ላይ ይወድቃል።

ወደ ሕክምና የሚመጡ ሰዎች ግን «ሥራዬ አሞኛል» አይሉም። የሚነግሩን ስለ ጨጓራ፣ ራስ ምታት፣ የአንገትና የትከሻ ሕመም ወይም እንቅልፍ ማጣት ነው። ሕመሙ እሑድ ማታ የሚጀምር፣ በዓመት ፈቃድ ጊዜ ደግሞ የሚቀል ከሆነ ይህንኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ሠራተኛው ምን ያድርግ?

መዋቅሩን ብቻዎን መለወጥ አይችሉም፤ የሚችሉት ግን አለ። የሥራ ድርሻዎን በጽሑፍ ይጠይቁ። ሁለት ትዕዛዝ ሲጋጭብዎ የትኛው እንደሚቀድም አለቆችዎ እንዲወስኑ ያድርጉ። ምሳዎን ጠረጴዛዎ ላይ ሳይሆን ከባልደረቦችዎ ጋር ይብሉ፤ ከተቻለ በእግርዎ ይንቀሳቀሱ። የሥራ ሰዓትዎንም ይቆጣጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት መረጃ፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ ይጨምራል።

ደም ግፊትዎን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይለኩ። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ። «የሥራ ጭንቀት ነው፣ ያልፋል» ብሎ የታዘዘ መድኃኒት ማቋረጥ አደገኛ ነው። መንስኤው ሥራ ቢሆንም ከፍ ያለ ግፊት ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል። ደረትን ጨምቆ የሚይዝ ሕመም፣ ድንገተኛ የአፍ መጣመም ወይም የእጅና የእግር መዛል ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ኃላፊውስ?

የብዙ ሠራተኛ ጤና በኃላፊው እጅ ነው። ብዙውን ማሻሻያ ለማድረግም ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም። መስኮት ላይ ላለው ሠራተኛ ቀላል ጉዳዮችን ራሱ እንዲወስን ሥልጣን ይስጡት። ዕቅድ ሲወጣ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ሐሳባቸው ይሰማ። ግምገማም ስህተት ማደኛ ብቻ ሳይሆን በደንብ የሠራ የሚመሰገንበት ይሁን። ለደም ግፊት ኪኒን ማዘዝ የእኛ የሐኪሞች ሥራ ነው፤ ሰው ሳይሳቀቅ ውሎ የሚገባበትን ቢሮ ማዘጋጀት ግን የእናንተ ነው።